ከመቶው ሠላሳው የት ገባ?

ከተማ የሚለካው በምንድን ነው? በቆርቆሮው ብዛት ነውን? በፎቁ ቁመት ነውን? ወይስ ሰው ከደጃፉ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋራ በሚገናኝበት ቦታ? ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሣንም። ከጭሮ እስከ ሒርና፣ ከበደሳ እስከ ገለምሶ፣ ከአሰቦት እስከ ሚኤሶ ድረስ የከተሞቻችን ዳርቻ በችካልና በኖራ እየተሸነሸነ ነው። ትናንት ማሽላና ጫት የበቀለበት ማሳ ዛሬ «አዲሱ ሰፈር» ተብሏል። እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፤ ባለቤት አለው፤ ካርታ አለው። ሰፈሩ የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሁሉ የሆነ ቦታ።

እኛ የምንለው ባጭሩ ይህ ነው። መሬት መሸንሸን ከተማ መመሥረት አይደለም። ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው ለየግል የታደለው ቦታ ሳይሆን ለሁሉ የተተወው ቦታ ነው። ይህን የጋራ ቦታ የሚሰጥ፣ የሚቀበል፣ ወይም ሲወሰድ አይቶ ዝም የሚል ሁሉ ልጆቻችን የሚኖሩበትን ከተማ ገና ሳይሠራ እያፈረሰ ነው።

ይህ የተማሪ ሕልም ነው የሚለን ይኖር ይሆናል። አይደለም። በመንግሥት የከተማ ፕላን መመዘኛ ውስጥ የተጻፈ ሒሳብ ነው። በመመዘኛው መሠረት ከከተማ መሬት ከመቶው 30 እጅ ለመንገድ፣ 30 እጅ ለአረንጓዴና ለሕዝብ የጋራ መጠቀሚያ፣ 40 እጅ ለሕንፃ ሥራ ይውላል። እንግዲህ ከመምህራኖቻችንና ከጓደኞቻችን መካከል ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በመጪው እሑድ ወደ አንድ አዲስ ሰፈር ይውጣና ራሱ ይቁጠር። አርባው እጅ በቆርቆሮ ታጥሮ ያገኘዋል። የመንገዱም ሠላሳ እጅ በወረቀቱ ላይ ያለውን ያህል ባይሰፋ፣ ጭቃም ቢሆን፣ ባጃጅ የሚያሳልፍ ያህል አይጠፋም። ሁለተኛው ሠላሳ እጅስ የት ገባ?

የገባበትን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያ በወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቀጥሎ «ለጊዜው ነው» ተብሎ የብሎኬት ማምረቻ ሆነ። ከዚያ ለአንድ ባለጉዳይ ምትክ ቦታ ሆነ። ከዚያም «ማስፋፊያ» ተባለ። በመጨረሻ ማን እንደ ሰጠው ማንም እንደ ተቀበለው ሳይታወቅ በአንድ ሌሊት አጥር በቀለበት። ባለቤት ያለው ቦታ ሲነካ ባለቤቱ ይጮኻል፤ ለሁሉ የተተወ ቦታ ሲነካ ግን ሁሉም ሌላው ይጮኻል ብሎ ይጠብቃል። የጋራ ቦታ እንዲህ በቀላሉ የሚበላው ስለዚህ ነው።

የጋራ ቦታ ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ የአገራችንን ሕዝብ ኑሮ ይመልከት። የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ አብሮ መኖርን ከመጽሐፍ አልተማረም። አፎሻ አለው፤ ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲድር የሚያግዘው ማኅበር ነው። ገበሬው ጉዛ አለው፤ የአንዱን ማሳ ብዙዎች ወጥተው የሚሠሩበት ደንብ ነው። ዕድሩና ዕቁቡም አለ። ታዲያ ይህ ሁሉ ማኅበር የት ይሰብሰብ? ዛሬ በአዲሶቹ ሰፈሮች ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ መንገድ ላይ ይተከላል። ድንኳኑ ሲተከል መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና ማለፊያ ያጣል። ሟቹን ለማልቀስ የመጣውና ሊወለድ የተቃረበው ሕፃን በአንድ ጠባብ መንገድ ይጋፋሉ። ይህ የድህነት ብቻ ውጤት አይደለም። ድንኳን የሚተከልበት አንድ ሜዳ በፕላኑ ላይ ነበረ፤ ተወስዶ ነው።

ሌላም ነገር ልብ እንበል። በየአዲሱ ሰፈር ሕዝቡ በራሱ ገንዘብና ጉልበት በመጀመሪያ የሚያቆመው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህም ሕዝባችን ለጋራ ነገር እንደማይሰስት ምስክር ነው። ነገር ግን የሁለቱም ልጆች አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ አብረው ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ፣ እናቶቻቸው ጀሪካን ይዘው ተራ ሲጠብቁ የሚጨዋወቱበት የቦኖ ውኃ ቦታ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ጎረቤት የሚባለው ሰው ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ሰው የማያውቀውን ጎረቤት በክፉ ቀን ማመን ይከብደዋል። አገራችን በነዚህ ዓመታት ያየችውን ያየ ሰው ይህን ነገር እንደ ቀላል አይቆጥረውም።

ጭሮ ስለ ከተማ አመሠራረት ስትወቀስ የበለጠ የሚያሳዝነው፣ በዘፈቀደ ያልበቀለች ከተማ መሆኗ ነው። የመሠረቷት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ጊዜ። አሰበ ተፈሪ የሚለውን ስም ያገኘችው በዚያን ዘመን አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ መኰንን ነው። ፊታውራሪው በሩሲያ አገር የተማሩ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ነበሩ። ጨርጨርን ለሌላው አገር ማሳያ የሚሆን አውራጃ ሊያደርጉ አሰቡ፤ ለማሳያው አውራጃም ማሳያ የሚሆን ከተማ ቆረቆሩ።

ያለፈውን ሥርዓት ለማወደስ አልተነሣንም። የዚያ ዘመን ሥልጣኔ በገባሩ ትከሻ ላይ የቆመ ነበር፤ አሳቡም ከላይ ወደ ታች የወረደ እንጂ ሕዝቡ የተጠየቀበት አልነበረም። ነገር ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ የአገር ገዥ ከተማ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማሰቡን መካድ አይቻልም። ያን ጊዜ አሳቢው አንድ ሰው ነበር። ዛሬ አሳቢው ሕዝቡ ራሱ ሊሆን ሲገባ፣ ከሸንሻኙና ከደላላው በቀር የሚያስብ ጠፋ! በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ከ18 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ33 ሺህ በላይ ሆነ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ሕዝቡ በዚህ ፍጥነት በሚበዛበት ከተማ ዛሬ የተወሰደች አንዲት ሜዳ ነገ በምንም ገንዘብ አትመለስም።

ስለ ገበሬው ደግሞ ዝም ማለት አንችልም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሰጠው የመኖሪያ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የከተማው ነዋሪም በየቀበሌው ማኅበር እንዲያቋቁም አዘዘ። ቀበሌ ሲፈጠር የታሰበው ነዋሪው ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ገበያው ራሱ እንዲመክር ነበር። የኋላ ኋላ ቀበሌ ምን እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው አሳብ ግን ትክክል ነበር።

የአራሹ ጥያቄ በከተማ ዳርቻ ዛሬም አልተዘጋም። ማሳው «አዲሱ ሰፈር» የሆነበት ገበሬ ካሳውን ይዞ ይወጣል። ልጁ ግን በገዛ አባቱ ማሳ ላይ ለሌላው ሰው ቤት ብሎኬት ተሸካሚ ሆኖ ይመለሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ለተነሣው ሰው ከንብረቱ ዋጋ ሌላ ስለ ማኅበራዊ ኑሮው መቋረጥም ካሳ እንዲከፈለው ይላል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ጉርብትና ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን አምኗል ማለት ነው። የፈረሰ ጉርብትና በብር የሚተመን ከሆነ፣ በቦታው የሚተከለው አዲስ ጉርብትና እንዴት ያለ አንዳች አሳብ ይቀራል?

ገበሬው ሲነሣ አብሮት የሚሄድ ሌላ ነገርም አለ፤ ዕውቀቱ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ከየትኛው ኮረብታ ተነሥቶ በየትኛው ቦይ እንደሚወርድ የሚያውቅ እርሱ ነው። እርከኑን የሠራው፣ ጎርፉን ወደ ዳር የመለሰው እርሱ ነው። ሸንሻኙ መጥቶ በወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር ገበሬውን አይጠይቀውም። ክረምት ሲመጣ ግን ውኃው የድሮውን መንገዱን እንጂ የሸንሻኙን መስመር አይከተልም።

ጭሮ በተራሮች ሥር ያለች ከተማ ስለ ሆነች ይህን ነገር ከጎረቤታችን ከድሬዳዋ መማር አለብን። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ኩባንያው ከዚራን ቀጥ ባለ መንገድና በጥላ ዛፍ አሳምሮ ሠራ። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን ሕዝቡ እንደ ቻለው የሠራው ሰፈር ነበር። አንዱ ከተማ በአንድ ወንዝ ሁለት ሆነ፤ ዛፉም ቀጥ ያለውም መንገድ ለኩባንያው ሰዎች ደረሰ። ፕላን ለጥቂቶች ብቻ ሲሠራ የመደብ አጥር ይሆናል። ከዚህም የከፋው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ታየ። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ውኃው የመጣው ከደጋው ነው፤ የወሰደው ደግሞ በወንዙ ዳርቻ ከመስፈር በቀር ሌላ ቦታ ያላገኘውን ሰው ነው። በየሰፈራችን ለጎርፍ መውረጃ የተተወ ባዶ ቦታ ስናይ «ይህ ለምን ባዶውን ይቀመጣል?» የምንል ሁሉ ይህን ሌሊት እናስታውስ።

የጋራ ነገር መበላት የጭሮ ብቻ በሽታ አይደለም። በአዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ ለሠርግና ለሐዘን፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ ተብለው የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ለተሠራበት ጉዳይ እየዋለ ነው? ስንቱስ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይቷል? ሕንፃው ቆሟል፤ ጉርብትናው ግን ኪራይ ሆኗል።

አሁን የሚቃወሙንን እንስማ።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይለናል፦ «ሰው መጠለያ ባጣበት አገር ስለ ሜዳና ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ያግኝ።» ይህ አነጋገር ለድኻው የሚቆረቆር ይመስላል፤ ግን ድኻውን የሚጎዳ ነው። ባለጸጋው ሜዳ ቢያጣ በግቢው ውስጥ አትክልት ይተክላል፤ ውኃ ቢያጣ በቦቴ ያስቀዳል፤ ትምህርት ቤት ቢያጣ ልጁን በመኪና ወደ ሌላ ሰፈር ይልካል። ድኻው ያለው አትክልት ቦታ የጋራው ሜዳ ነው፤ ያለው ውኃ ቦኖው ነው፤ ልጁ በእግሩ የሚደርስበት ትምህርት ቤት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። የጋራ ቦታ ለባለጸጋ ትርፍ ነው፤ ለድኻ ግን ግማሽ ቤቱ ነው። እንግዲህ የጋራውን ቦታ ወስዶ ለድኻ ቤት ሰጠሁ የሚል ሰው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ የለውም» ይላል። ቦታን አለመስጠት ስንት ብር ያስወጣል? ምንም! ሜዳን ሜዳ አድርጎ ለመተው የሚያስፈልገው በጀት ሳይሆን እምቢ ማለት ነው። ስለ ገንዘቡም ቢሆን መልስ አለ። በእንግሊዝ አገር ኤቤኔዘር ሃዋርድ የተባለው ሰው የአትክልት ከተማ የሚለውን አሳብ ሲያወጣ ቁም ነገሩ አትክልቱ አልነበረም። የከተማው መሬት የግለሰብ ሳይሆን የማኅበረ ሰቡ ሆኖ ይያዝ፤ ከተማው ሲያድግ የሚጨምረው የመሬት ዋጋም ለነዋሪው በውኃ፣ በመንገድና በትምህርት ቤት ይመለስ የሚል ነው። በዚህ አሳብ ላይ ሌችዎርዝ የምትባለው ከተማ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1903 ተመሠረተች። እርሱ መሬቱን ከባላባት ለመግዛት ኩባንያ ማቋቋም ነበረበት። እኛ ግን በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። ሌላው በገንዘብ የገዛውን እኛ በሕግ ይዘነዋል። ታዲያ ከሊዝ የሚገባው ገንዘብ ተመልሶ ሰፈሩን ካልሠራ፣ መሬት የሕዝብ ነው የሚለው ቃል ለሕዝቡ ምን ፈየደለት?

ሦስተኛው ወገን «ሕዝቡ ራሱ ነው አጥሩን ወደ ጋራው ቦታ የሚያሰፋው» ይላል። እውነት ነው፤ የሚያሰፋ አለ። ነገር ግን ሰው ያልተነገረውን ወሰን እንዴት ይጠብቃል? በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲመክርበት ያዛል። ለመሆኑ ከአዲሶቹ ሰፈሮች ነዋሪዎች መካከል የሰፈሩን ፕላን በዐይኑ ያየ ስንት ነው? ፕላኑ በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ሲቀመጥ ወሰኑን የሚያውቁት መሳቢያውን የሚከፍቱት ብቻ ይሆናሉ። ደላላው የሚያውቀውን ነዋሪው ካላወቀ፣ ጥፋቱን በነዋሪው ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የየሰፈሩ ፕላን በትልቁ ተሥሎ በሰፈሩ መግቢያ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የተጻፈበትም ቋንቋ ነዋሪው የሚያነበው ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም።

ሁለተኛ፣ የጋራው ቦታ ሁሉ እንደ ግል ይዞታ የራሱ ቁጥርና የራሱ ካርታ ይኑረው። ካርታውም በሰፈሩ ነዋሪዎች ስም ይሁን፤ ቅጂው ለአፎሻውና ለዕድሩ ይሰጥ። ያለ ባለቤት ስለ ቀረ የሚበላን ነገር የምናድነው ባለቤት በማበጀት ነው።

ሦስተኛ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ መንገዱና ቦኖው ሳይወሰን አንድም ችካል አይተከል። ችካል ከመተከሉም በፊት ማሳውን ሲያርስ የኖረው ገበሬ ስለ ውኃው መንገድ ይጠየቅ፤ የተናገረውም ይጻፍ።

አራተኛ፣ የተነሣው ገበሬ በዚያው ሰፈር ቦታ አግኝቶ ጎረቤት ሆኖ ይኑር እንጂ ጥበቃና ተሸካሚ ብቻ ሆኖ አይቅር።

አምስተኛ፣ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ከግንቡ ይውጣ። ምሕንድስና የሚማረው መሬቱን ይለካ፤ ሕግ የሚማረው ዐዋጁን ለነዋሪው ያንብብለት፤ ስለ ሕዝብ ጤና የሚማረው ውኃውን ይመርምር። መምህራኖቻችንም ይህን ለተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ አድርገው ይስጡልን። ስለ ሩቅ አገር ከተሞች የሚጻፈው ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ፣ የአንድ ሰፈር ሠላሳ እጅ የት እንደ ገባ የሚያሳይ ዐሥር ገጽ ይበልጣል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከመምህራኖቻችን ብዙዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ይጠባበቃሉ። እኛም ነገ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ማኅበር አቋቁመን ቦታ እንጠይቃለን። ይህ ነውር አይደለም፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ያን ቀን ዕጣ ወጥቶ የቦታችን ቁጥር በእጃችን ሲገባ፣ «የእኔ የትኛው ነው?» ብለን ከመጠየቃችን አስቀድመን «የሁላችንስ የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለ ካርታውን አንቀበል። ተማርን የምንል ሰዎች ይህችን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ከፈራን፣ የተማርነው ችካል ለመቁጠር ብቻ ነው።